አንገት ላይ የወጣው ቀይ መስመርና ከጉልበት ጀርባ ያለው ጥቁር ቅርፊት

ጥያቄ፦ «በመስቀል ሰሞን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከጅማ ወጣ ብለን ከጅሬን ባሻገር ባለው ገጠር በእግር ስንዞር ዋልን። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ቁጭ ብለን ምሳ በላን። ማታ የአንዷ ባልደረባችን ቤተሰቦች ጋ በረንዳ ላይ፣ አምፖል ሥር አመሸን። እሑድ ማታ አንገቴን ያቃጥለኝ ጀመር። ሰኞ ጠዋት ሳየው ጣት የሚያህል ቀይ መስመር ወጥቷል፤ ላዩ ላይ መግል የያዙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉበት። የግራ ክንዴ እጥፋት ላይም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀይ ቦታዎች ወጡ። ጎረቤቴ ‹አልማዝ ባለጭራ ነው፣ ሸረሪት ሸንቶብሽ ነው› አለችኝ። ፋርማሲ ቅባት ሰጡኝ። ምን ነክሶኝ ነው? ጠባሳ ይተውብኝ ይሆን? ደግሞ ምናልባት ከተያያዘ፣ ከጉልበቴ ጀርባ ጥቁር ቅርፊት ያላት ትንሽ ቁስል አለች፤ አታመኝም። ከትናንት ዓርብ ጀምሮ ራሴን ያመኛል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታልኛለች።» መምህርት፣ ከጅማ

መልስ፦

ስለ አንገትዎ በዝርዝር ጽፈዋል። ከጉልበትዎ ጀርባ ስላለችው ቁስል ግን ያነሱት በመጨረሻ፣ «ምናልባት ከተያያዘ» ብለው ነው። እኔ ከዚያችው ልጀምር። አንገትዎ ላይ ያለው ቢያቃጥልም በራሱ ጊዜ የሚድን ነገር ነው። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው የሚገባው ያላመመዎት ነው።

ስለዚህ ይህን እንዳነበቡ ቅርብዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ይሂዱ። ነገ ሳይሆን ዛሬ። እዚያ ሲደርሱ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንዱ የወባ ምርመራ ነው። ሌላው ሐኪሙ ከጉልበትዎ ጀርባ ያለውን ቁስል በዓይኑ እንዲያይልዎት ነው። ራስዎ ገልጠው ካላሳዩ ላይታይ ይችላል። ወረፋ የበዛበት ባለሙያ «ራሴን ያመኛል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል» ሲባል ደም ያዝዛል እንጂ የጉልበት ጀርባ ለማየት አያስብም። የምርመራው ቁልፍ ያለው ግን እዚያ ነው።

ወባን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ደስ ስለሚል ወባ የሌለ የሚመስለው ሰው አለ። አለ። ዝናቡ ሲቀንስና ውሃ በየቦታው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ዋናው ወቅቱ ነው። የወባ ትኩሳት ከተነከሱ በኋላ ለመነሳት ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የቅዳሜዋ ቢምቢ ላትሆን ትችላለች። ከዚያ በፊት እቤትዎ የነከሰችዎት ግን ልትሆን ትችላለች። ጅማ የሚኖር ሰው ካተኮሰው የወባ ምርመራ አይዘለልም። ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም ቶሎ ይታወቃል። ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ ደግሞ በማግሥቱ ይደገም።

አሁን ወደ ጥቁሯ ቁስል ልመለስ። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል። ቁስሉ ያለው ከጉልበት ጀርባ ነው። ቅርፊቱ ጥቁር ነው፣ አያምም። ራስ ምታቱና ብርድ ብርዱ የመጣው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። እነዚህን ሳገናኛቸው ቀድሞ የሚመጣልኝ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ነው። ሙሉ ስሙ የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል። የሚያመጣው ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ተሸካሚዎቹ አምብሊዮማ የሚባሉት የመዥገር ዝርያዎች ናቸው። ከኛ አገር ከብት ላይ በብዛት ከሚለቀሙት መዥገሮች ውስጥ እነዚህ ይገኙበታል፤ የጅማ ዙሪያ ገበሬ በደንብ ያውቃቸዋል።

«እኔ መዥገር አላየሁም» ይሉኝ ይሆናል። ብዙ ሰው አያይም። ምራቁ ቆዳን ስለሚያደነዝዝ ሲነክስ አይሰማም። ገና ያላደገው መዥገር ደግሞ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከአቧራ ለመለየት ያስቸግራል። ደም ጠጥቶ ሲጠግብ ራሱ ወድቆ ይሄዳል። ሌሎች መዥገሮች ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃሉ። ያደገ አምብሊዮማ ግን መጠበቅ አይወድም። ትንፋሽና ጠረን ተከትሎ መሬት ለመሬት እየሮጠ ይመጣል። ከብት በዋለበት ሜዳ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቁጭ ማለት ለሱ የተመቸ ነው። ልብስ ውስጥ ከገባ በኋላ ሞቅ ያለና የተሸሸገ ቦታ ይፈልጋል። የጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ የቀበቶ መስመር፣ እምብርት፣ ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ።

ቁስሉን በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ይዩት። መሃሉ ላይ ደረቅ፣ ጥቁር፣ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ቅርፊት አለ? ዙሪያውን ቀይ ቀለበት ይዞታል? ሲነኩት ብዙም አያምም? እንዲያ ከሆነ አይላጡት፣ አይፈቅፍቁት። ከዚያ እዚያው እግርዎ ብሽሽት ላይ ጣትዎን ያሳርፉና ንፍፊት እንዳለ ይዳስሱ። ንፍፊት ካገኙ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ሌላ ቅርፊትም ይፈልጉ። በዚህ በሽታ አንድ ሰው ላይ ሁለትና ሦስት ቅርፊት ማየት የተለመደ ነው፤ ብዙ መዥገር ባንድ ጊዜ ስለሚነክስ። ጭንዎን፣ ወገብዎን፣ ፀጉርዎ ውስጥ ሳይቀር ሰው እንዲያይልዎት ያድርጉ።

ደግነቱ ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይከፋም። የሚያድነው መድኃኒትም በየፋርማሲው ያለው ዶክሲሳይክሊን ነው። ለአዋቂ ሰው በተለምዶ የሚታዘዘው 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይበርዳል። ይህን የነገርኩዎት ከመንገድ ገዝተው እንዲጀምሩት አይደለም። ሐኪሙ ሲያዝዝልዎ ምን እንደሆነ እንዲያውቁ ነው። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ሊሆኑ እንደሚችሉ ከጠረጠሩ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ያኔ ዶክሲሳይክሊን ምርጫ አይሆንም፤ እንደ አዚትሮማይሲን ያለ ሌላ መድኃኒት አለ።

ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘልዎ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ቁጭ ብለው ይዋጡት። ከዋጡት በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይጋደሙ። ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል፤ ማታ በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ የተኛ ሰው ጠዋት ምራቁን መዋጥ ሊያቅተው ይችላል። ከወተት፣ ከአይረን ኪኒንና ከጨጓራ አሲድ ማብረጃ ጋር ባንድ ላይ አይውሰዱት፤ ጉልበቱን ያሳጡታል። በነዚያ ቀናት ፀሐይ ላይ ብዙ አይቁሙ። ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል።

ስለ ላቦራቶሪ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በየቀኑ የማየውና የሚያሳዝነኝ ጉዳይ ነው። በኛ አገር ያተኮሰው ሰው ሁሉ ዊዳልና ዌል ፊሊክስ የሚባሉ ምርመራዎች ይታዘዙለታል። ከዚያ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ በከረጢት መድኃኒት ይወጣል። እነዚህ ምርመራዎች አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርተው በሽታን አያረጋግጡም። ከዚህ በፊት የያዘ ሌላ ኢንፌክሽን ፖዘቲቭ ሊያደርጋቸው ይችላል። በሽታው እያለም ኔጌቲቭ ሊወጡ ይችላሉ። ተስቦ የምንለው ታይፈስ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ነው። የእርስዎን ትኩሳት ያመጣው የምለው ባክቴሪያ የሱ ዘመድ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ለታይፎይድ የሚሰጥዎት መድኃኒትም ለዚህ የሚመረጠው አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ «ከብት የሚውልበት ሜዳ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ይኸው ቅርፊቱ» ብለው ያሳዩ። ያ ቅርፊት ከዌል ፊሊክስ ወረቀት የተሻለ ማስረጃ ነው።

ሐኪሙ ሊጠይቅዎት የሚገባ፣ ካልጠየቀዎትም ራስዎ ሊነግሩት የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ። ጥቁር ቅርፊት ያለው፣ የማያምም ቁስል ሁሉ የመዥገር አይደለም። አባ ሰንጋም እንዲህ ያለ ቁስል ያወጣል። በበዓሉ ሰሞን ጥሬ ቆዳ ነክተዋል? ታሞ የታረደ ወይም ራሱ የሞተ ከብት ሥጋ ሲገፈፍ ወይም ሲከፋፈል እጅዎ ገብቶበታል? የአባ ሰንጋ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚወጣው እጅ፣ ክንድ፣ ፊትና አንገት ላይ ነው። በማሳከክ ይጀምራል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ መሃሉ ይጠቁራል። ዋናው መለያው ዙሪያው የሚያብጠው እብጠት ነው፤ ከቁስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን ትልቅ፣ ለስላሳ እብጠት። እርስዎ ይህን አልጻፉልኝም፤ ቦታውም አይመስልም። ግን እብጠቱ ካለ ወይም ከታመመ ከብት ጋር ንክኪ ከነበረዎት ክሊኒክ ላይ አይቁሙ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂዱ። አባ ሰንጋም በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል።

እናትዎ «ምች ነው» ማለታቸው አይገርምም። ፀሐይ ላይ ውሎ የመጣ ሰው ራሱን ሲያመውና ብርድ ብርድ ሲለው ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚታሰበው ምች ነው። ዳማከሴውን ስላሹልዎ አይቆጧቸው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዳማከሴው አይደለም፤ «እስቲ እስከ ነገ ይታይ» የሚለው ነው። ወባም ሆነ ሌላው በዳማከሴ አይወጣም። እንዲያውም እናትዎን ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ራሱን የሚያመው ሰው ብቻውን ባይሄድ ይመረጣል።

አንገትዎ

አሁን ወደ ጥያቄዎ። አንገትዎንና ክንድዎን ምንም አልነከሰዎትም። ይህ የንክሻ መልክ አይደለም። ንክሻ ነጥብ ነው፤ መሃሉ ላይ የተወጋ ቦታ ይኖረዋል፤ ከማቃጠል ይልቅ ያሳክካል። የእርስዎ ግን መስመር ነው። የጋለ ምጣድ ጠርዝ እንደነካው ሰው ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ የጀመረው በማግሥቱ ነው። መስመር ሆኖ፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ዘግይቶ የሚወጣ ቃጠሎ፣ ዝናብ በሚበዛበት ወቅት፣ አምፖል ሥር ካመሸ ሰው ጋር ሲደመር ወደ አንድ ነገር ያመለክታል። ፔዴረስ ወደምትባል ጥንዚዛ። በምሥራቅ አፍሪካ የናይሮቢ ዝንብ የሚሏት እሷን ነው፤ ግን ዝንብ ስላልሆነች ዝንብ አይፈልጉ።

ቀጭንና ረዘም ያለች ናት። ርዝመቷ ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር፣ ወርዷ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ራሷ ጥቁር፣ አንገቷና ሆዷ ብርቱካናማ፣ የጅራቷ ጫፍ እንደገና ጥቁር ነው። ወገቧ ላይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ አጭር ክንፍ መሸፈኛ አላት። ስትደነግጥ ጅራቷን ወደ ላይ ትቀስራለች። እርጥብ አፈር፣ ረግረግና የእርሻ ዳር ትወዳለች፤ ቀን ላይ ተባይ እየበላች ለገበሬው ትጠቅማለች። ማታ መብራት ይጠራታል። አንገት ላይ ስታርፍ ሰው ምን እንደሆነች ሳያይ በእጁ ይጨፈልቃታል። ችግሩ የሚጀምረው ያኔ ነው። ደሟ ውስጥ ፔዴሪን የሚባል መርዝ አለ። ይህን መርዝ የሚሠሩት ጥንዚዛዋ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቆዳ ላይ ሲቀባ የቆዳ ሴሎች ፕሮቲን መሥራት ያቆማሉ። ለዚህ ነው ወዲያው ሳይሆን በማግሥቱ የሚያቃጥለው። መስመሩ እጅዎ ጠራርጎ የሄደበት መንገድ ነው።

ክንድዎ እጥፋት ላይ ያሉት ሁለቱ ቦታዎች ጥርጣሬዬን ወደ እርግጠኝነት ያቀርቡታል። መርዙ አንዱ ወገን ላይ ነበር። ክንድዎን ሲያጥፉ ከላይ ያለው ቆዳ ከታች ያለውን ነካው፣ ለሁለት ተካፈሉት። ለዚህም ነው ፊት ለፊት የሚተያዩት። ሌላ በሽታ እንዲህ አይነት ምልክት የሚተወው እምብዛም ነው።

አልማዝ ባለጭራ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? አልማዝ ባለጭራ ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሸረሪት አልሸናብዎትም፤ ሸረሪት ሸንታ ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አታወጣም። አልማዝ ባለጭራ በልጅነት የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሰውነት ሲደክም የሚነሳ ነው። አንድ ነርቭ ይዞ ስለሚሄድ በአንድ ጎን ብቻ ይወጣል፤ የሰውነትን መሃል መስመር ተሻግሮ አይሄድም። ብዙውን ጊዜ ሽፍታው ከመውጣቱ ከቀናት በፊት ቦታው ይወጋል፣ ያቃጥላል። ከዚያ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች በዘለላ በዘለላ ይወጣሉ። የእርስዎ አንገት ላይም ክንድ እጥፋት ላይም፣ በተለያየ ቦታ፣ ባንድ ቀን ነው የወጣው። ቀድሞ የመጣ ሕመምም አልጻፉም።

ይህን ልዩነት ያስረዘምኩት ለእርስዎ ብቻ ብዬ አይደለም። ሁለቱም በአንድ ስም ሲጠሩ እውነተኛ አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው ይጎዳል። እሱ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር የቫይረስ መድኃኒት አለው፤ ግንባር ወይም ዓይን አካባቢ ከወጣ ደግሞ አስቸኳይ ነው። በወጣትነት ሲወጣም የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ይገባል። ሸረሪት ነው ብሎ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

የጥንዚዛዋን ቃጠሎ ማከም ቀላል ነው። መርዙ ቀሪ እንዳይሆን ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡት። ያን ቀን የለበሱትን ልብስ፣ ነጠላና የትራስ ጨርቅም እጠቡ፤ ጨርቅ ላይ የቀረ መርዝ እንደገና ሊነካዎት ይችላል። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው ለአሥር፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያድርጉበት፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ጥቃቅኖቹን ነጠብጣቦች አያፍርጧቸው። መግል ቢመስሉም በአብዛኛው ጀርም የለባቸውም፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ቀዩ ቦታ እየሰፋ፣ እየሞቀ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ያሳዩት። እጅዎን ሳይታጠቡ ዓይንዎን አይንኩ። ዓይን ውስጥ ከገባ በደንብ ያሳብጣል፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የተሰጠዎትን ቅባት ስም አልጻፉልኝም፤ ስለዚህ ቱቦውን አንሥተው ያንብቡ። ሃይድሮኮርቲሶን 1 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ስስ አድርገው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ገደማ ይቀቡ። ቤታሜታዞን ከሆነ ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ ሐኪም ካየው በኋላ። ክሎቤታሶል የሚል ካለበት አንገትዎ ላይ አይቀቡት። የአንገትና የፊት ቆዳ ስስ ነው፤ ያሳሳዋል፣ የደም ሥር ያወጣበታል። እንዲህ ያሉ ቅባቶች «ፊት ያጠራሉ» ተብለው እንደ ተራ ቅባት ሲሸጡና ሲቀቡ አያለሁ። ዓመታት ቀብተው ቆዳቸው የተጎዳ ሴት እህቶቻችን ብዙ ናቸው። እባክዎ ቁስሉ ሲድን የተረፈውን ፊትዎ ላይ አይሞክሩት።

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አልኮል፣ እነዚህን አንድም አያድርጉበት። ቆዳው ተቃጥሏል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ደግሞ ራሳቸው ያቃጥላሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሌላ ቃጠሎና ጥቁረት ያመጣል። ወደ ሐኪም የመጣው ሰው ከጥንዚዛዋ ይልቅ በመድኃኒቱ የባሰ ቁስል ይዞ ይገኛል።

ጠባሳ ስላሉት፣ ካላከኩትና ኢንፌክሽን ካልገባበት ጠባሳ አይተውም። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይደርቅና ይረግፋል። ጥቁር ምልክት ግን ይቀራል። በኛ ቆዳ ላይ ይህ ያለ ነው፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ቦታውን ከፀሐይ በነጠላ ወይም በሻሽ ይሸፍኑት። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ሌሎች እንዲህ ካለ ጉዞ በኋላ የሚመጡ ነገሮችን በአጭሩ ልንካ፤ ሌሎች አንባቢዎች ይጠይቁኛል። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ተሰብስበው የሚያሳክኩ ነጥቦች ብዙ ጊዜ ቁንጫ ናቸው። አድረው ሲነሱ በመስመር የተደረደሩ ነጥቦች ካዩ ትኋን ያስቡ። የእግር ጣት ጥፍር ዳር መሃሏ ጥቁር የሆነች ነጭ እብጠት ከሆነች ሙጃሌ ናት። በንጹሕ መርፌ፣ በሚያውቅ ሰው ትውጣ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይታይ። ፊት ላይ ወይም በሌላ ገላጣ ቦታ ወጥታ ለሳምንታት ሳትድን ቀስ እያለች የምታድግ ቁስል ደግሞ ቁንጭር ልትሆን ስለምትችል የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት። ንብ ወይም ተርብ ነድፎት በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ ያበጠ፣ መተንፈስ ያቃተው ወይም ራሱን ያዞረው ሰው ግን መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጥ።

ወደፊት ገጠር ሲወጡ በእግር መሄዱን አይተዉ፤ ጅሬን ላይ ቆሞ ጅማን ቁልቁል ማየት የሚቀር ነገር አይደለም። ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ያስገቡ። ነጣ ያለ ቀለም ይምረጡ፤ የሚሄድበት መዥገር ቶሎ ይታያል። ከብት የዋለበት ሣር ላይ ከመቀመጥ ድንጋይ ይሻላል፤ ካልሆነም ሸራ ያንጥፉ። ዲት ያለው ተባይ መከላከያ ካገኙ ቁርጭምጭሚትዎንና የሱሪዎን ጫፍ ይቀቡ። ማታ ሳይተኙ ልብስዎን አውልቀው ያራግፉ፣ ሰውነትዎን ይፈትሹ። ልጅ አብሮ ከሄደ ፀጉሩንና ጆሮው ጀርባ ይዩ።

የተጣበቀ መዥገር ካገኙ ወረንጦ ያምጡ። ቆዳውን እስኪነካ ድረስ ዝቅ ብለው፣ ሆዱን ሳይሆን አፉ የገባበትን ቦታ ይያዙ። ሳያጣምሙ፣ ሳይጣደፉ፣ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት። የአምብሊዮማ አፍ ረጅም ስለሆነ ትንሽ ይታገላል። ናፍጣ፣ ቅቤ፣ ክብሪት፣ ሲጋራ የሚባሉትን ይተዉ፤ መዥገሩ ሲጨነቅ የያዘውን ወደ ቆዳ ይተፋል። በጥፍርዎም አይጨፍልቁት። ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፣ ቀኑን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ካተኮሰዎት ያቺ ቀን ለሐኪሙ ብዙ ትነግረዋለች።

ጥንዚዛዋን ለመከላከል ደግሞ በዝናብ ወቅት የበረንዳ አምፖል ሥር አያምሹ፤ መስኮት ተከፍቶ መብራት አይብራ። ለወባ የተሰጠዎት አጎበር ለሷም ይሠራል፤ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ይወትፉት። ሰውነትዎ ላይ ካረፈች አይምቷት። እፍ ይበሉባት ወይም ወረቀት ላይ ወጥታ እንድትሄድ ያድርጉ፤ ከዚያ ቦታውን በሳሙና ይታጠቡ።

ሕክምና ከጀመሩ በኋላ ትኩሳቱ በሦስት ቀን ካልወረደ ተመልሰው ይሂዱ። አንገትዎን ማጠፍ ካቃተዎት፣ ግራ መጋባት ከጀመረዎት፣ የሚያስመልስዎ ከሆነና መድኃኒቱ ሆድዎ ውስጥ አልቆይ ካለ፣ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ግን ሦስት ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

አንድ አደራ ልጨምር። አብረዋችሁ ሜዳው ላይ የተቀመጡ ባልደረቦችዎ አሉ። የመዥገር ንክሻ ትኩሳት አብሮ የሄደን ቡድን ባንድ ጊዜ የሚይዝበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዱ «ጉንፋን ነው» ብሎ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቁ ይደውሉላቸውና ራሳቸውን ያማቸው እንደሆነ፣ የጉልበታቸውን ጀርባና ብሽሽታቸውን እንዳዩት ይጠይቋቸው።